ሙቀት የሚፈታው፣ ቅዝቃዜ የሚቆልፈው ፕላስቲክ

ያረጀ የመኪና ጎማ ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ መርሳም ወልድያም፣ ዕጣው ቢላዋ ነው፤ ተቆራርጦ በረባሶ ይሆናል። የተሰነጠቀ ጀሪካን ግን በጋለ ብረት ይደፈንና ውኃ ይቀዳበታል። ጎማውንስ አቅልጠን ለምን ሌላ ጎማ አንሠራበትም?

ጀሪካኑም ጎማውም ፖሊመር ናቸው፤ ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሠሯቸው ረጃጅም ክሮች። የጀሪካኑ ክሮች ተጠላልፈዋል እንጂ አልተቋጠሩም፤ ሙቀቱ 130 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እየተንሸራተቱ ይቀልጣሉ። የጎማውን ክሮች ግን ድኝ ቋጥሯቸዋል፤ ድኝ ጎማን እንደሚያጠነክር ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ደርሶበታል። ጎማው ኮረኮንች የሚችለው በዚህ ቋጠሮ ነው፤ እሳት ላይ ሲጣል የሚነደው እንጂ የማይቀልጠውም በዚሁ ቋጠሮ ነው።

ቋጠሮውን በሸሚዝ ቁልፍ ብንተካውስ? ጀርመናውያኑ ኦቶ ዲልስና ኩርት አልደር እ.ኤ.አ. በ1928 ያሳወቁት፣ በ1950 ኖቤል የተሸለሙበት አጸግብሮት እንዲህ ያለ ቁልፍ ይሰጣል። ፉራንና ማሌይሚድ የሚባሉ ሁለት ሞለኪውሎች ሲጋጠሙ ሙቀት ይለቃሉ፤ በቂ ሙቀት መልሰን ስንሰጣቸው ይለያያሉ፤ ሲቀዘቅዙ እንደገና ይገጥማሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ቁልፍ የተያያዘ ጠንካራ ፕላስቲክ ሠሩ። ከ120 ዲግሪ በላይ ሲያሞቁት ከማያያዣዎቹ 30 በመቶ ያህሉ ተከፈቱ፤ ሲበርድ ተዘጉ። ስንጥቁ ያለ ሙጫ ገጠመ፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ "ደጋግሞ" የሚለው ነው።

120 ዲግሪ ስንት ነው? ወልድያ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላባት 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቁልፍ በደንብ ለመክፈት አይበቃም። የካውያ ሙቀት ግን ይበቃል። ስለዚህ በዚህ ቁልፍ የተሠራ ዕቃ የመርሳን ፀሐይ ችሎ ይውላል፤ ሲሰበር ደግሞ ይጠገናል። ለምድጃ ዳር ዕቃ ግን አይመከርም፤ ቁልፎቹም ተመልሰው እስኪዘጉ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል።

ፉራኑ ከየት ይመጣል? መነሻው ፉርፉራል የሚባል ፈሳሽ ነው፤ የሰብል ተረፈ ምርት በአሲድና በሙቀት ሲበስል ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ ከአጃ ገለባ በፋብሪካ ማውጣት የተጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ከበቆሎ ቆረቆንዳም ይወጣል፤ ከማሽላ አገዳም እንዲሁ። መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ግን አገዳውን ለከብቱ ቀለብ፣ ለምድጃውም ማገዶ ያደርገዋል። ፋብሪካ የሚያስብ ሰው ቢኖር አገዳውን ለከብቱ ትቶ ከቆረቆንዳው ቢጀምር እመርጣለሁ።