መዝገብ ሲመሰክር፤ የአል ካፖኔ አነሣሥና አወዳደቅ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



ባለፈው ሴሚስተር የማስረጃ ሕግ ሳስተምር አንድ ተማሪ፣ «መንግሥት አንድን ሰው ነፍሰ ገዳይ መሆኑን እያመነ በግብር ቢከስሰው ፍትሕ ተሠራ ይባላልን?» ሲል ጠየቀኝ። ሰዓቱ አልቆ ስለ ነበር በቂ መልስ አልሰጠሁትም። የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት ያን ዕዳ ለመክፈል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ብዙዎቻችሁ አል ካፖኔን የምታውቁት በፊልም ይመስለኛል። በፊልሙ ውስጥ ኤልየት ኔስ የተባለው ወጣት መኮንን ከጥቂት የማይደለሉ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ወንበዴውን ይጥለዋል። እውነት ነው፣ ኔስ ነበረ፤ የካፖኔን የቢራ መጥመቂያዎችም ሰብሯል። በእርሱ ቡድን ሥራ ላይ የተመሠረተ፣ የመጠጥ ክልከላውን ሕግ መጣስን የሚመለከት 5,000 ያህል ድርጊቶችን የዘረዘረ ክስም በ1931 ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ያ ክስ አንድም ቀን አልተሰማም። ካፖኔን ወኅኒ ያወረዱት ሒሳብ መርማሪዎች ናቸው።

ካፖኔ ጃንዋሪ 17 ቀን 1899 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ተወለደ። ወላጆቹ ከኔፕልስ አካባቢ የፈለሱ ጣሊያናውያን ሲሆኑ አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ልጁ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ። በአንድ መጠጥ ቤት በተነሣ ጠብ ግራ ፊቱን በስለት ተቈርጦ፣ ጋዜጦች እስከ ዕለተ ሞቱ «ባለ ጠባሳው» የሚሉትን፣ እርሱ ግን አጥብቆ የሚጠላውን ቅጽል አተረፈ። ልክ 21 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1920፣ በአሜሪካ የመጠጥ ክልከላው ሥራ ላይ ዋለ። አጋጣሚ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ እኔም አልሆነልኝም።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ይዘት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያና እርሱን ለማስፈጸም የወጣው የቮልስቴድ ሕግ የከለከሉት የሚያሰክር መጠጥ ማምረትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን ነው። መጠጣት በራሱ ወንጀል አልነበረም። ከክልከላው በፊት ገዝቶ በቤቱ ያከማቸ ሰው ከእንግዶቹ ጋር በሰላም ሊጠጣው ይችላል፤ ሐኪም ውስኪን በመድኃኒትነት ያዝዛል፤ ለቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የሚሆን ወይንም ተፈቅዷል። በአጭሩ ጥማቱ ሳይከለከል ምንጩ ተከለከለ። ፈላጊው በሚሊዮን የሚቈጠር፣ አቅራቢው ሁሉ ወንጀለኛ የሆነበት ገበያ ተፈጠረ።

የዚህ ገበያ ጠባይ የውል ሕግ ለምታጠኑ ተማሪዎች ልዩ ትምህርት ያለው ይመስለኛል። ሕጋዊ ነጋዴ ደንበኛው ዕዳውን ቢክደው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ተወዳዳሪው ጭነቱን ቢዘርፈው ለፖሊስ ያመለክታል። የቢራ ሻጩ በ1920ዎቹ ቺካጎ ይህ ሁሉ የለውም። ውሉ ሕገ ወጥ ስለ ሆነ አስፈጻሚ የለውም፤ ንብረቱ ሕገ ወጥ ስለ ሆነ ጠባቂ የለውም። ስለዚህ አስፈጻሚውንም ጠባቂውንም ራሱ ይቀጥራል። መትረየስ የያዘው ሎሌ በዚያ ንግድ ውስጥ የፍርድ አፈጻጸም ክፍልን ቦታ የያዘ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዚህ ላይ ለፖሊስና ለሹማምንት የሚከፈለውን ጉቦ ስትጨምሩበት የድርጅቱ ወጪ ምን ላይ እንደሚውል ታያላችሁ።

ይህን አስቀድሞ የተረዳው ካፖኔ ሳይሆን አለቃው ጆኒ ቶሪዮ ነው። ቶሪዮ ብሩክሊንን ለቅቆ ወደ ቺካጎ የሄደ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ከጠብ ይልቅ ስምምነትን የሚመርጥ ሰው ነበር። ካፖኔን ወደ ቺካጎ ያመጣውም እርሱ ነው። በሜይ 1920 የቀድሞው አለቃ ቢግ ጂም ኮሎሲሞ ሲገደል ድርጅቱ በቶሪዮ እጅ ገባ። ቶሪዮ ከተማዪቱን ለየቡድኑ አከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ በክልሉ እንዲሸጥ አስማማ። ስምምነቱ ጥቂት ዓመታት ያህል ሠራ። በ1924 ቡድኑ ከቺካጎ አጠገብ ባለችው በሲሰሮ ከተማ ምርጫ ታጣቂዎቹን አሰማርቶ የፈለገውን አስተዳደር አስመረጠ፤ በዚያው ቀን የካፖኔ ወንድም ፍራንክ በፖሊስ ጥይት ሞተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሰሜኑ ቡድን መሪ ዲን ኦባንየን በአበባ መሸጫ ሱቁ ውስጥ ተገደለና ስምምነቱ ፈረሰ። በጃንዋሪ 1925 ቶሪዮ ራሱ በቤቱ ደጃፍ ተተኵሶበት ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ለካፖኔ ትቶ ሄደ። ካፖኔ የ26 ዓመት ወጣት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት በጋዜጣ ብዙ የተወራባቸው ናቸውና እኔ አልደግማቸውም። የምጠቅሰው አንዱን ብቻ ነው። ፌብሯሪ 14 ቀን 1929 በሰሜን ክላርክ ጎዳና በሚገኝ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ሰዎች ግድግዳ ይዘው እንዲቆሙ ተደርጎ በመትረየስ ተረሸኑ። ከገዳዮቹ መካከል የፖሊስ ልብስ የለበሱ ነበሩበት። ካፖኔ በዕለቱ ፍሎሪዳ ነበር። አገሩ ሁሉ በእርሱ አሳበበ፤ ነገር ግን በዚህ ግድያ ምክንያት አንድም ሰው ተፈርዶበት አያውቅም።

ለምን? የመጀመሪያው ምክንያት የሥልጣን ክፍፍል ነው። ነፍስ ግድያ በአሜሪካ በመሠረቱ የክፍለ ግዛቱ ጉዳይ እንጂ የፌዴራሉ አይደለም፤ የክፍለ ግዛቱ ፖሊስና ሹማምንት ደግሞ ብዙዎቹ የካፖኔ ደመወዝተኞች ነበሩ። በእኛ አገር የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ለሚያጠና ተማሪ ችግሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሁለተኛው ምክንያት የማስረጃው ዓይነት ነው። የግድያ ክስ ሕያው ምስክር ይፈልጋል፤ ሕያው ምስክር ደግሞ ልጆች አሉት፤ ማታ ቤቱ ይገባል።

አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ። የ1913ቱ የአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ ግብር የሚጣልበትን የንግድ ገቢ ሲገልጽ «ሕጋዊ» የሚል ቃል ነበረው። በ1916 ሕጉ ሲሻሻል ያ አንድ ቃል ወጣ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም። በ1927 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰሊቫን የተባለ የሳውዝ ካሮላይና መጠጥ ነጋዴን ጉዳይ ሲያይ ነገሩ ጎልቶ ወጣ። ሰውዬው የተከራከረው ገቢዬን ባሳውቅ በራሴ ላይ መመስከሬ ነው፤ ይህን እንዳልገደድ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀኛል በማለት ነበር። ዳኛ ሆምስ የጻፉት ውሳኔ ክርክሩን አልተቀበለውም። ከሕገ ወጥ ንግድ የተገኘ ትርፍም ግብር ይጣልበታል፤ ተከሳሹ በማሳወቂያው ላይ ካሉት ጥያቄዎች አንዱን አልመልስም ብሎ መብቱን ሊያነሣ ይችል ይሆናል፤ ማሳወቂያውን ጨርሶ አለማቅረብ ግን አይችልም፤ የውሳኔው ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ካፖኔ በስሙ የባንክ ሒሳብ አልነበረውም፤ ንብረትም በስሙ አያስመዘግብም፤ ማሳወቂያም አያቀርብም። ኤልመር አይሪ የሚመሩት የግምጃ ቤቱ የምርመራ ክፍል፣ በተለይም ፍራንክ ዊልሰን የተባለው መርማሪ፣ ማረጋገጥ የነበረባቸው ሁለት ነገሮችን ነው፤ ገቢ መኖሩንና ገቢው የእርሱ መሆኑን። ዊልሰን ብዙ ጊዜ ከደከመ በኋላ በ1926 በሲሰሮ በተደረገ ፍተሻ ተይዘው ከቆዩ ወረቀቶች መካከል የአንድ የቁማር ቤት የሒሳብ መዛግብትን አገኘ። በመዝገቦቹ ላይ የተመለከተው ትርፍ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የጽሕፈቱ ባለቤት ሌዝሊ ሻምዌይ የተባለ ሒሳብ ሠራተኛ መሆኑ ተደረሰበትና ፍሎሪዳ ውስጥ ተገኘ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ካፖኔን የጣለው መዝገብ የቁማር እንጂ የመጠጥ አልነበረም።

ባለቤትነቱን ለማስረዳት ከቀረቡት ምስክሮች የእኔን ትኵረት የሚስበው አንድ ቄስ ነው። ሄንሪ ሁቨር የተባለው ይህ የፕሮቴስታንት አገልጋይ በ1925 ያን የቁማር ቤት ለማዘጋት ከሌሎች ጋር በገባ ጊዜ ካፖኔ በቁጣ መጥቶ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ነበር። በንዴት የተነገረች ያች ዐረፍተ ነገር ከስድስት ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ተደገመች። ከዚህ ሌላ ዐቃቤ ሕግ ልብስ ሰፊዎችን፣ የዕቃ ሻጮችን፣ የሆቴል ሠራተኞችን አቅርቦ ተከሳሹ ለሸሚዝና ለሱፍ፣ ለቤት ዕቃና ለስልክ ምን ያህል እንዳወጣ አስመሰከረ። ወጪ ያለው ሰው ገቢ አለው፤ ክርክሩ ይኸው ነበር።

ሙግቱ ሊጀመር ሲል ተከሳሹ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በሁለት ዓመት ተኩል እስራት ሊገላገል ነበር። ዳኛው ጄምስ ዊልከርሰን ግን ፍርድ ቤቱ በዚህ ስምምነት አይገዛም አሉ፤ ካፖኔም የእምነት ቃሉን አነሣ። ዊልሰን ቆይቶ እንደ ተረከው የካፖኔ ሰዎች ለጁሪነት የተመረጡትን ሰዎች ዝርዝር አግኝተው ነበር፤ ዳኛው ይህን ሲሰሙ በመክፈቻው ዕለት መላውን ስብስብ ከሌላ ችሎት ስብስብ ጋር ለወጡት።

ኦክቶበር 17 ቀን 1931 ጁሪው ፍርዱን ሰጠ። የ1924ቱን ክስ አልተቀበለውም። በ1925፣ በ1926 እና በ1927 ግብር በመሰወር፣ በ1928 እና በ1929 ደግሞ ማሳወቂያ ባለማቅረብ ጥፋተኛ አለው። ከሳምንት በኋላ ዳኛው 11 ዓመት እስራትና 50,000 ዶላር መቀጮ ወሰኑ።

እስካሁን የተናገርሁት የመንግሥትን ጎበዝነት ያሳያል። አሁን ግን በታሪኩ አተራረክ ብዙ ጊዜ የሚታለፉትን ሁለት ነገሮች ላንሣ።

አንደኛው የጠበቃው ደብዳቤ ነው። ሎውረንስ ማቲንግሊ የተባለው የካፖኔ የግብር ጠበቃ በ1930 ዕዳውን በስምምነት ለመጨረስ ሲደራደር፣ የደንበኛው ገቢ በአንዳንዶቹ ዓመታት እስከ 100,000 ዶላር ሊደርስ እንደሚችል በጽሑፍ ገለጸ። ደብዳቤው በማስረጃነት ተቀባይነት አገኘ። ለእርቅ ብሎ የተነገረ ቃል በተናጋሪው ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቅረብበት የሚለውን መርሕ ታውቃላችሁ። እኔ በዚያ ወንበር ብቀመጥ ኖሮ ደብዳቤውን አልቀበለውም ነበር።

ሁለተኛውና ከባዱ ይርጋ ነው። በጊዜው ሕግ የግብር ወንጀሎች የይርጋ ዘመን በመደበኛው ሦስት ዓመት፣ ማታለል የወንጀሉ ፍሬ ነገር ሲሆን ግን ስድስት ዓመት ነበር። ዋናው ክስ የቀረበው በጁን 1931 ነው። የ1927 ማሳወቂያ መቅረብ የነበረበት በማርች 1928 ስለ ሆነ በሦስት ዓመቱ ከተሰላ ይርጋው በጥቂት ወራት አልፎታል፤ የ1925 እና የ1926ቱማ ከዚያ ቀድመው አልፈዋል። ፍርዱ በተሰጠ በስድስተኛው ወር፣ በ1932፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻርተን በተባለ ሌላ ተከሳሽ ጉዳይ ግብር መሰወር የሦስት ዓመቱን ይርጋ እንጂ የስድስቱን አይከተልም ሲል ወሰነ። ካፖኔ ከእስር ሆኖ በዚህ መነሻነት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቀረበ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይርጋ ተከሳሹ በሙግቱ ጊዜ የሚያነሣው መከላከያ ነው፤ በዚህ መንገድ አይነሣም ብሎ በ1933 አሰናበተው። ከ11ዱ ዓመታት አሥሩ የቆሙት በእነዚያ በሦስቱ ክሶች ላይ ነበር።

ስለዚህ ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ እንዲህ ያለ ነው። በግብር መከሰሱ በራሱ አያሳስበኝም፤ ግብሩን አልከፈለም፤ ሕጉ ከእርሱ በፊት ነበረ፤ ሰሊቫንም ከእርሱ በፊት ተፈርዶበታል። የሚያሳስበኝ ሁሉም ሰው ነፍሰ ገዳይነቱን በልቡ ስላመነ፣ በማንም ተራ ነጋዴ ላይ በጥንቃቄ የምንመዝነው ደብዳቤና የምንቈጥረው ይርጋ በእርሱ ላይ ሲመጣ ላላ ማለቱ ነው። ያልተከሰሰበት ወንጀል የተከሰሰበትን ወንጀል ሚዛን አዘነበለው። የሥራ ባልደረባዬ አንድ መምህር በዚህ አይስማሙም፤ ዛሬም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ በጥያቄው ሰዓት እንሰማቸዋለን።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ካፖኔ በሜይ 1932 ወደ አትላንታ ወኅኒ ተወሰደ። ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ክልከላው ሲሻር፣ እርሱ የነገደበት ዕቃ እንደ ገና ሕጋዊ ሸቀጥ ሲሆን፣ አሁንም በዚያ ነበር። በኦገስት 1934 ወደ አልካትራዝ ተዛወረ። ከወጣትነቱ ጀምሮ ያልታከመው ቂጥኝ አእምሮውን ያወከው በዚያ ሳለ ነው። በኖቬምበር 1939 ሲፈታ የወንበዴ ቡድን ሊመራ ቀርቶ ራሱንም በቅጡ የሚያስተዳድር አልነበረም። ጃንዋሪ 25 ቀን 1947 በፍሎሪዳ ቤቱ፣ በ48 ዓመቱ፣ በቤተ ሰቡ መካከል አረፈ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንሂድ፤ በባልደረባዬ እንጀምር።