በሬው ጎን ላይ ያደረች እብጠት

የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ስሙን ባስጠራው የጎጃሙ ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ መስከረም ሲጠባ መስኩ አደይ ይለብሳል፤ ዝንቡም ይበዛል። ገበሬው በማለዳ በሬውን ከጋጣ ሲያወጣ ጎኑን ዳበስ ያደርጋል። ትናንት ልስልስ ያለው ቆዳ ዛሬ እጁን ይቆረቁረዋል። ባቄላ የምታህል ክብ እብጠት፣ ጠጣር፣ ፀጉሩ ላይዋ ላይ ቆሟል።

ምንድን ናት? አንዱ ዝንብ ነው፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል።

ዝንብ ያመጣው ሽፍታ ብዙ ሳይቆይ ይከስማል። ጭርት ከሆነ ቆዳው ክብ ሠርቶ ይመለጣል፣ ግራጫ ቅርፊትም ያወጣል፤ ወደ ሰው ስለሚጋባ እጅን መታጠብ ነው። መዥገር ደግሞ ፀጉሩን ገለጥ ሲያደርጉት ራሱ ይታያል። እብጠቷ በማግስቱ አሥር፣ በሠልስቱ ሃምሳ ከሆነች፣ በሬው ካተኮሰው፣ ሣር ካስጠላው፣ ትከሻው ፊት ያለው ንፍፊት ካበጠ ግን የሚጠረጠረው ጉርብርብ ነው።

በዚህች እብጠት ግራ የተጋባው የጎጃም ገበሬ ብቻ አይደለም። በ1929 እ.ኤ.አ. ዛምቢያ ውስጥ መጀመሪያ ስትታይ ባለሙያዎቹም መርዝ ወይም የነፍሳት ንክሻ መስሏቸው ነበር። ቆይቶ ያመጣት የበግና የፍየል ፈንጣጣ ዘመድ የሆነ ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። ወደ ሰው አይተላለፍም። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቦታውም ሩቅ አይደለም፣ ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሕንድ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ጣሊያንና ፈረንሳይ ገብቷል።

ቫይረሱን ከከብት ከብት የሚያዞሩት ደም የሚመጥጡ ዝንቦች፣ ትንኞችና መዥገሮች ናቸው። ከክረምት ማግሥት የሚብሰውም ለዚህ ነው። በሬው በውቂያ ሰሞን ከተኛ ደግሞ ጉዳቱ ለጎተራው ይተርፋል።

ሕክምናውስ? ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። የእንስሳት ሐኪም የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ነው። እብጠቷን በጋለ ብረት መተኮስ በአንድ ቁስል ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው፤ ዝንብም ይጠራል። የታመመውን ለይቶ ማሰር፣ ቁስሉን ማጠብ፣ ውኃና ለስላሳ መኖ ማቅረብ ይሻላል። በአንድ መርፌ ደጃፍ ለደጃፍ እየዞሩ መውጋትም በሽታውን በእጅ ማዞር ነው።

ዋናው መከላከያ ከዝናቡ በፊት የሚሰጥ ክትባት ነው። ክትባት ሁሉ ግን እኩል አይደለም፦ እዚሁ አገራችን ተሞክሮ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከተፈተሹት ሦስት ክትባቶች ከብቱን በደንብ የጠበቀው ከፍየል ፈንጣጣ የተሠራው መሆኑን አሳይቷል። የፈረንጅ ዲቃላ ላም ያለው ሰው ቀድሞ ቢያስከትብ ይበጀዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የአገር ውስጥ ጥናት በዓመት ከመቶ የፈረንጅና የዲቃላ ከብት 34 ገደማ ሲታመም፣ ከሐበሻው 13 ገደማ መታመሙን አግኝቷል።

በሬው ሲያገግም የእብጠቷ መሐል ሞቶ ይደርቃል፤ እንደ ውታፍ ተነቅሎ ይወድቅና ጉድጓድ ይተዋል። በደረቀው ቅርፊት ውስጥ ቫይረሱ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል፤ ለቅሞ ማቃጠል ነው። ጉድጓዱ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። በሬው አርጅቶ ሲታረድ ቁርበቱን ለምራንና ለአልጋ ጠፍር የሚተለትለው ሰው ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ በየጠባሳው ሲደርስ ቢላውን ያዞራል።