ወደ ዲትሮይቱ የማኅበረሰብ ሚዲያ ጉባኤ ለሚጓዙ የአጥቢያ አገልጋዮች

በውጭው ዓለም ባሉ አጥቢያዎች የሚዲያ አገልግሎት በአብዛኛው በጥቂት ወጣቶች ትከሻ ላይ የወደቀ ነው። ቅዳሴውን በቀጥታ የሚያስተላልፈው፣ የዐውደ ምሕረቱን ትምህርት የሚቀርጸው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዝሙር የሚያዘጋጀው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ እርሱም ከሥራ መልስ፣ በራሱ ስልክና በራሱ ወጪ። የምናውቀው አንድ አጥቢያ የዐሥር ዓመት ስብከትና የክብረ በዓላት ቀረጻ ያከማቸበት ገጽ ነበረው። የይለፍ ቃሉን ብቻውን ይዞ የነበረው አገልጋይ ወደ ሌላ ግዛት ተዛውሮ ስልኩንም ሲቀይር ገጹን የሚከፍት ሰው ጠፋ። በዚያ ቀረጻ ውስጥ ዛሬ በሕይወተ ሥጋ የሌሉ አባቶች ድምፅ ነበር።

እንዲህ ያለ ችግር የገጠመን እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካ የሰፈር ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ የስደተኞች ማኅበራትና አነስተኛ ጋዜጦች ለዓመታት ሲታገሉት ኖረዋል፤ ያገኙትንም መፍትሔ የሚማማሩባቸው ጉባኤያት አሏቸው። ከእነዚህ መካከል ስሙ የታወቀው በሚሺጋን ግዛት በዲትሮይት ከተማ የሚካሄደው «አላይድ ሚዲያ ኮንፈረንስ» ነው። «ብንሄድ ይጠቅመናል ወይ? እንዴትስ እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ከአገልጋዮች ስለሚቀርብልን፣ ለጉዞው የሚያስፈልገውን በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት ወደድን።

ጉባኤው የተጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት ቦውሊንግ ግሪን በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። ጀማሪዎቹም በእጅ አዘጋጅተው በፎቶ ኮፒ የሚያባዟቸውን ትናንሽ መጽሔቶች የሚያሳትሙ ወጣቶች ነበሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ወደ ዲትሮይት ተዛወረ፤ ለብዙ ዓመታትም በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሰኔ ወር ሲካሄድ ቆየ። በ2019 እ.ኤ.አ. አዘጋጆቹ ዕረፍት ወስደዋል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ምክንያት በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጥ አስቀድሞ ቀኑንና ቦታውን ከአዘጋጆቹ ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ዲትሮይት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1950 እ.ኤ.አ. ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት ይህች የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ ዛሬ የቀራት ሕዝብ የዚያ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. አስተዳደሩ ዕዳውን መክፈል አቅቶት መክሠሩን በፍርድ ቤት አስመዝግቧል። ኩባንያዎች ለድኾች ሰፈሮች በቂ የኢንተርኔት አገልግሎት ባላደረሱ ጊዜ ነዋሪዎች ራሳቸው ሠልጥነው በጣሪያ ላይ አንቴና እየተከሉ ለጎረቤት ማዳረስ ጀመሩ። በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ያለ አንድ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ ነው። በትምህርተ ሃይማኖት ከእነርሱ የምንለይ ብንሆንም፣ የአጥቢያ ሕንፃ ለሰፈር ሕዝብ እንዲህ ሊጠቅም መቻሉን ማየት ለእኛም የሚያስቀና ነገር ነው።

ወደ ጉባኤው የሚሄድ ሰው ሊያውቀው የሚገባው አንድ ጠባይ አለ። አንድ ሊቅ በመድረክ ላይ ተናግሮ ሌላው ማስታወሻ ይዞ የሚወጣበት ስብሰባ አይደለም። አብዛኛው መርሐ ግብር ተሳታፊዎች ራሳቸው አስቀድመው ያቀረቡት የተግባር ልምምድ ነው፤ በክብ ተቀምጠው ይሠራሉ፣ ይጠያየቃሉ። ስለዚህ ጥያቄ ያልያዘ ሰው ብዙ ወረቀት ይዞ ባዶ ልብ ሊመለስ ይችላል። አንድ ወንድማችን በሌላ ከተማ ወደ ተደረገ ተመሳሳይ ጉባኤ ሁለት ካሜራ ተሸክሞ ሄዶ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲቀርጽ ሰንብቶ፣ ሲመለስ «ምን ተማርህ?» ቢባል የሚናገረው አጣ። የቀረጸውንም እስከ ዛሬ ያየው የለም።

እንግዲህ ተጓዡ ከመነሣቱ ሳምንታት በፊት ከሰበካ ጉባኤውና ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ተቀምጦ የአጥቢያውን ችግር በአንድ ገጽ ይጻፍ። የቀድሞ ቀረጻዎቻችን የት ናቸው? የይለፍ ቃሉን ስንት ሰው ያውቀዋል? በቀጥታ ሥርጭቱ የካህኑ ድምፅ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው? እዚህ የተወለዱ ልጆች የአረጋውያንን ታሪክ በምን ቋንቋ ይቅረጹ? ይህን ገጽ ይዞ የሄደ አገልጋይ የትኛውን ክፍል እንደሚመርጥ ያውቃል፤ በዕረፍት ሰዓትም ለማን ምን እንደሚጠይቅ አይቸገርም። በእኛ ግምት ከጠቅላላው ዝግጅት ይህ ገጽ ይበልጣል።

የሚላኩት ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ አገልግሎቱን በተግባር የሚሠራ፣ ሌላው እንግሊዝኛ የሚቀናው ወጣት። ጉባኤው ለምልክት ቋንቋና ለስፓኒሽ አስተርጓሚ በማዘጋጀት ይታወቃል፤ አማርኛ ግን አይጠበቅም። ለሕፃናት ማቆያና የልጆች መርሐ ግብር በማዘጋጀትም የተመሰገነ ስለሆነ፣ ልጅ ያላት እኅት በዚህ ምክንያት ብቻ መቅረት አይገባትም። የመመዝገቢያው ክፍያ እንደ ከፋዩ አቅም ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ዝቅተኛውን መክፈል የሚያሳፍር አይደለም፤ የተደረገውም ለእንደ እኛ ላሉት ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ወደሚያሻው ጉዳይ እንለፍ። ዲትሮይት የድንበር ከተማ ናት። የካናዳዋ ዊንዘር ከወንዙ ማዶ ትታያለች፤ የሚያስገርመውም ካናዳ በዚያ ቦታ በስተ ደቡብ መሆኗ ነው። ሁለቱን ከተሞች በ1929 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አምባሳደር ድልድይና በ1930 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የመሬት ውስጥ መንገድ ያገናኟቸዋል፤ ጎርዲ ሃው የተባለ ሌላ ድልድይም ተገንብቷል። የመሬት ውስጡ መንገድ መግቢያ በመሐል ከተማ፣ ከታላላቅ ሆቴሎች አጠገብ ነው። ወደ አምባሳደር ድልድይ የሚወስደው መውጫም ከዋናው አውራ ጎዳና ላይ በድንገት ይመጣል። አንዴ ወደ ክፍያ ጣቢያው የገባ መኪና እንደ ልቡ ዞሮ መመለስ አይችልም፤ ወደ ድንበር ጠባቂዎች ይመራል።

ይህ ለብዙ ሰው ተራ የመንገድ ስሕተት ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ላለ ወገናችን ግን ከሥራው፣ ከቤተሰቡና ከተስፋው ሊለየው ይችላል። በ2025 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ወራት በአምባሳደር ድልድይ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ተይዘው እንደነበር፣ አብዛኞቹም በስሕተት የገቡ መሆናቸውን የከተማዋ የምክር ቤት ተወካይ ራሺዳ ጣሊብ ለሕዝብ ገልጸዋል። ከያዙት መካከል ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦችም ነበሩ። ልብ በሉ፤ አንድ ጥገኝነት ጠያቂ የቅድሚያ የመመለሻ ፈቃድ ሳይኖረው ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደ ተወ ሊቆጠርበት ይችላል።

ስለዚህ ጉዳዩ ያልተቋጨለት ሰው ከመነሣቱ በፊት ጠበቃውን ያማክር፤ ጠበቃው «አትሂድ» ካለው ይቅር፤ ሌላ አገልጋይ ይተካው። ከሄደም መኪና ባይነዳ ይሻላል። የሚነዳ ካለ የስልኩን የመንገድ መሪ ብቻ አይመን፤ መንገዱን ከዋዜማው በካርታ ይመልከት፤ «ወደ ካናዳ የሚወስድ ድልድይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ምልክት ባየ ጊዜ ረድፉን ቀድሞ ይቀይር። ዜጋ ያልሆነ አዋቂ ሰው የምዝገባ ሰነዱን፣ ማለትም ግሪን ካርዱን ወይም የሥራ ፈቃዱን፣ ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያዝዛል። የጠበቃውን ስልክ በወረቀት ጽፎ በኪሱ ይያዝ፤ ስልክ ሊወሰድ ወይም ባትሪ ሊያልቅ ይችላልና።

ያለ መኪና መንቀሳቀስም አያዳግትም። አውሮፕላን ማረፊያው ከመሐል ከተማ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስማርት የተባለው የሕዝብ አውቶቡስ በጥቂት ዶላር ያደርሳል። ከቺካጎ ለሚነሡ የአምትራክ ባቡር አለ። የዲትሮይት ጣቢያውም ኪውላይን የተባለው የከተማ ባቡር በውድዋርድ ጎዳና ከሚያልፍበት አቅራቢያ ነው፤ ይህ ባቡር የዩኒቨርሲቲውን አካባቢ ከመሐል ከተማ ጋር ያገናኛል።

ከኢትዮጵያ ለመምጣት ለሚያስቡ ደግሞ እውነቱን መናገር ይገባናል። የጉባኤው የጥሪ ደብዳቤ ይረዳል እንጂ ቪዛ አያስገኝም፤ የቪዛው ማመልከቻ ክፍያ ቢከለከሉም አይመለስም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ሕጉም በየጊዜው ይቀየራል። የአጥቢያን ገንዘብ በዚህ ላይ ከማዋል በፊት፣ ጉባኤው በኢንተርኔት የሚተላለፍ ክፍል ካለው በዚያ መሳተፍ ይሻላል ብለን እናምናለን። በሰኔ ወር ዲትሮይት ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ትዘገያለች፤ በዚያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የሚጀምር ልምምድ በእኛ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል። ከሥራ ወጥቶ ለመከታተል የሚመች ነው።

የሰኔ ጉባኤ ማለት በጾመ ሐዋርያት ወቅት መሆኑን አንርሳ፤ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን ነው። እንደዚህ ባሉ ጉባኤያት ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ አይጠፋም፤ ይሁን እንጂ በዳቦና በኬክ ውስጥ ቅቤና ወተት መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የምሳውን ሰዓት የኅትመትና የመሣሪያ ጠረጴዛዎችን ለመጎብኘት ቢጠቀምበት ይተርፋል። መድኃኒት የሚወስድ አስቀድሞ ንስሐ አባቱን ያማክር። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ለመንገድ የሚስተካከላቸው የለም፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ግን የያዘውን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ ያሳውቅ።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። በሰሜን አሜሪካ በእንዲህ ያሉ ጉባኤያት፣ ሽታ የሚያሳምማቸው ሰዎች ስለሚገኙ፣ ተሳታፊዎች ሽቶ እንዳይቀቡ መጠየቅ የተለመደ ነው። የእኛ ነጠላ ደግሞ ዕጣን ዕጣን ይላል! ለቤተ ክርስቲያን የሚለበሰውን ለብቻው በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ሁሉንም ያስማማል።

በጉባኤው ከእምነታችንና ከአመለካከታችን ጋር የማይስማሙ ሐሳቦች መሰማታቸው አይቀርም፤ በማኅበራዊ ጥያቄዎች ላይ ጠንካራ አቋም ያላቸው ሰዎች የሚበዙበት ስብሰባ ነውና። የሚሄደው አገልጋይ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አይደናገጥም። የሚያስፈልገውን ክፍል መርጦ ይገባል፤ በማይስማማበት ቦታ በትሕትና ያዳምጣል፤ ስለ እምነቱ ቢጠየቅም በጨዋነት ይመልሳል። ለክርክር አልተላከም። ፎቶ ማንሣትም ሆነ ድምፅ መቅረጽ ያለ ፈቃድ አይደረግም፤ በተለይ ሕፃናትንና ስደተኞችን። የአንድ ሰው ፊት በተሳሳተ ቦታ መታየቱ ምን እንደሚያስከትል ከእኛ ወገኖች የተሰወረ አይደለም።

ማረፊያን በሚመለከት፣ ጉባኤው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሆን የተማሪዎች ማደሪያ ከሆቴል ይረክሳል፤ ቀድሞ የጠየቀ ያገኛል። በከተማው አካባቢ ላለ አጥቢያ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅም መልካም ነው፤ ከአልጋ ይልቅ የሚጠቅመው መንገድ የሚያሳይ ወንድም ማግኘቱ ነው። ደረሰኞች ሁሉ በአንድ ፖስታ ይቀመጡ። ተመላሾቹም በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ትምህርቱ ሳይቀዘቅዝ፣ ለሌሎቹ አገልጋዮች በተግባር የሚያሳዩበት ቀን ከመሄዳቸው በፊት ይቆረጥ፤ የመጀመሪያውም ሥራ የይለፍ ቃሎቹን ከሰበካ ጉባኤው ጋር ማስመዝገብ ቢሆን እንመክራለን።

ጉባኤው ብዙ ጊዜ እስከ እሑድ ይዘልቃል። ለቅዳሴ የሚሄዱ ሻንጣቸውን ቅዳሜ ማታ ያዘጋጁ፤ የማደሪያው ቁልፍ የሚመለስበትን ሰዓትም ቀድመው ይጠይቁ።