ላቫጆ ላይ የምንከፍለው ለውሃው ነው ለእጁ?

ስለ መኪና እጥበት ሙሉ ጽሑፍ ይጻፋል እንዴ? አዎ፣ ይጻፋል። መኪና የሌላችሁም አንብቡት፤ እኔም የለኝም። ነገሩ ከመኪናው ይልቅ የውሃ፣ የሥራና የዓይናችን ጉዳይ ነው።

አገናን ለማታውቋት፦ በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ ከተማ ናት። ከወልቂጤ ወደ ደጋው ስትወጡ እንሰት መሀል ታገኟታላችሁ። በአዘቦት ቀን መንገዷ ላይ የሚበዛው ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና አይሱዙ ነው። መስከረም ሲጠባ ግን ሌላ ከተማ ትሆናለች። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ይሄ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም። ከመርካቶውም፣ ከሐዋሳውም፣ ከአዳማውም ይመጣል። መኪና ያለው በራሱ፣ የሌለው ከዘመድ ጋር ተጭኖ፣ ጓደኛ ያለው ደግሞ ተውሶ ይገባል።

የመስቀል መኪና ማጓጓዣ ብቻ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ «ልጄ እንዴት ሆኖ ይሆን?» ሲሉ ለከረሙ ወላጆች መልስ ነው። ጀፎሮው ላይ፣ ማለትም ቤቶቹ ግራና ቀኝ በተደረደሩበት ሰፊው የሣር መንገድ ላይ ሲቆም፣ መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ የክረምቱ ጭቃ እስከ በሩ እጀታ የለበጠውን መኪና ይዞ እናቱ ደጃፍ መድረስ የሚፈልግ የለም። ሰው ቤቱ ከመግባቱ በፊት ላቫጆ ይገባል።

ላቫጆ ቃሉ እንደ ጎሚስታና ፓራፋንጎ ከጣሊያንኛ የተረፈልን ነው። ሥራው ግን የእኛው ነው። እንዲህ ባሉ ከተሞች አንድ ላቫጆ ለመክፈት የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ፣ ቱቦ፣ ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ሁለት ሦስት ጉልበት ያላቸው ልጆች። አቅም ከተገኘ ውሃ በግፊት የሚረጨው ማሽን ይጨመራል። ዲግሪ ይዞ ሥራ ለሚፈልግ የእኔ ዕድሜ ልጅ፣ በትንሽ ገንዘብ ከሚጀመሩ ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው።

ባለፈው መስከረም አገና ላይ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ ላቫጆ ቁጭ ብዬ ሳይ ዋልኩ። አንድ ነጭ ኮሮላ ገባች። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። አጣቢው ልጅ ቱቦውን ከማንሳቱ በፊት እጁን ወደ ቸርኬው ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን አየ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ።»

«ምኑ?»

«ቸርኬው። ፍሬን ሲይዙ ነው የመጡት፣ ግሏል።»

ጠበቀ። ከዚያ ጭቃውን በውሃ አራሰና በባልዲ ማጠብ ጀመረ። ደስ የሚል አሠራር ነበር። ሰውየው ግን አላማራቸውም። «ልጄ፣ ውሃ ቆጠብክብኝ እኮ! ያኛው እንዴት እንደሚያርከፈክፍ አታይም?» ልጁ ሳቅ አለና ቱቦውን አንስቶ ታጥቦ ያለቀ ጣሪያ ላይ ለቀቀው። ሰውየው ፊታቸው ፈታ አለ።

ያ ውሃ መኪናው ላይ አንድም ነገር አልጨመረም። የጨመረው ለሰውየው ዓይን ነው።

የጽሑፌ ነገር ይሄው ነው። ላቫጆ ላይ ውሃ የሚባክነው አጣቢው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ከፋዮቹ እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ ጥሩ እጥበት ምን እንደሚመስል ስለማናውቅ በምናየው እንለካለን፦ በሚፈሰው ውሃና በሚነሳው አረፋ። አጣቢው ደግሞ ሞኝ አይደለም። የምንከፍልበትን ነገር ይሰጠናል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ደህና ግፊት ያለው ቱቦ በደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ በቀላሉ ያፈሳል። 12 ብለን እንያዝ። 15 ደቂቃ ክፍት ከቆየ 180 ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ በ20 ሊትሯ ቢጫ ጀሪካን 9 ጀሪካን። በባልዲ በሥርዓት ለሚሠራ ሰው ግን አንዲት ትንሽ የቤት መኪና 3 ጀሪካን ይበቃታል። ልዩነቱ 6 ጀሪካን ነው። በቀን 10 መኪና ቢታጠብ 60 ጀሪካን፣ ማለትም 1,200 ሊትር ውሃ መሬት ጠጣው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው ለመሠረታዊ ፍላጎቱ በቀን ቢያንስ ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልገዋል ይላል። በትንሹ በ50ው ብናሰላው እንኳ፣ ያ የባከነው ውሃ የ24 ሰው የቀን ድርሻ ነው። ከአንድ ላቫጆ፣ በአንድ ቀን።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ጥያቄ አለች። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አንስቷታል፦ ሕይወት የሆነው ውሃ ርካሽ፣ ያለሱ መኖር የሚቻለው አልማዝ ውድ የሆነው ለምንድን ነው? በኋላ የመጡ ኢኮኖሚስቶች መልሱን አገኙ። ዋጋን የሚወስነው ነገሩ በጠቅላላው ያለው ጥቅም ሳይሆን የመጨረሻዋ ባልዲ ጥቅም ነው። ውሃ ሲትረፈረፍ የመጨረሻዋ ባልዲ ምንም አታወጣም። ቧንቧው ሲደርቅ ግን ያቺው ባልዲ አልማዝ ትሆናለች።

ይሄ ለዚህ አካባቢ የክፍል ውስጥ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ወልቂጤ ላይ በየካቲት 2015 ዓ.ም. የውሃ እጦት ያስመረራቸው ነዋሪዎች ጀሪካናቸውን ይዘው አደባባይ ወጥተው ነበር። የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በወቅቱ መግለጫ አውጥቶበታል። ጀሪካን እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2018 ድርቁ ሲጠናባት ለአንድ ነዋሪ በቀን 50 ሊትር ወስና፣ በከተማው የመጠጥ ውሃ መኪና ማጠብን ከልክላ ነበር።

ታዲያ መኪና አይታጠብ? ይታጠብ እንጂ! ልጆቹ እንጀራቸው ነው። ጥያቄው በምን ቅደም ተከተል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ፈረንጅ አስተማሪ አያስፈልገንም፤ ሊስትሮ አለን። አዲስ አበባ ውስጥ የሊስትሮ ሥራና የጉራጌ ልጆች ስም አብሮ ሲነሳ ኖሯል። ሊስትሮ ጫማ ሲይዝ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ጭቃውን ያነሳል፣ ከዚያ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ በመጨረሻ ቀለሙን ይቀባል። ጭቃ ላይ ቀለም የሚቀባ ሊስትሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መኪናም ያው ነው።

ከቸርኬው ይጀመራል። ምክንያቱም ቆሻሻው በሙሉ እዚያ ነው፤ ሌላውን ጨርሳችሁ ወደሱ ብትሄዱ ጭቃው ተመልሶ የታጠበው በር ላይ ይረጫል። ቸርኬ ላይ የሚቀመጠው ጥቁር ነገር ተራ አቧራ አይደለም። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከፍሬን ሸራውና ከዲስኩ የሚፋቅ ብናኝ ነው፤ ብረት አለበት። ሲከርም ይዝጋል፣ የቸርኬውን ቀለም ይበላል። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው ሞተሩ ራሱ ስለሆነ ይሄ ብናኝ ያንሳል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ እነዚህ መኪኖች እየበዙ ነው፤ ለላቫጆ ልጆች ትንሽ እፎይታ ይሆን ይሆናል። ጭቃው ግን ለሁሉም እኩል ነው።

የአገናው ልጅ እጁን ጠጋ አድርጎ ሙቀት ያየውም በከንቱ አልነበረም። በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊያጣምመው ይችላል። ዲስኩ ሲጣመም ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። አሥር ደቂቃ መታገሥ ከጋራዥ ወጪ ያድናል።

ለቸርኬና ለጎማ የራሱ ባልዲና የራሱ ጨርቅ ይኑረው። የቸርኬ ጨርቅ ውስጥ የቀረች አንዲት የብረት ብናኝ ኮፈኑ ላይ ስትሄድ እንደ ምስማር ትጭራለች። የእንሰት ቃጫ በሞላበት አገር ቃጫ መጠቀም ያምራል፤ ድስት ሲፈትግ እናውቀዋለን። ለጎማው ላስቲክ ይሁን። ቀለም ላይ ግን አይድረስ። የቸርኬው ውስጠኛ ጠርዝና የቡሎኖቹ ዙሪያ አይረሱ፤ ጭቃ እዚያ ደርቆ ሲከማች ጎማው ሚዛኑን ያጣል፣ መኪናውም ፍጥነት ሲጨምር ይርገፈገፋል።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ፦ ናፍታ። ብዙ ላቫጆዎች ላይ ጎማውም ሆነ የመኪናው ሆድ ናፍታ ይረጭና ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ለግማሽ ቀን ያምራል። ናፍታ ግን ላስቲክ ያበላሻል፣ አቧራ ይስባል፤ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ከውሃው ጋር ወደ ቦዩ ይወርዳል።

ቸርኬው ሲያልቅ አካሉ። ከጣሪያ ወደ ታች፣ ሁለት ባልዲ ይዞ፦ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። ጨርቁ መኪናውን በነካ ቁጥር ንጹሑ ውስጥ ታጥቦ ወደ ሳሙናው ይመለሳል። በቃ፣ ምስጢሩ ይሄ ነው። በአንድ ባልዲ ሲታጠብ ከታች የተነሳው አሸዋ ተመልሶ ኮፈኑ ላይ ይፈተጋል። ኦሞም ለልብስ ነው፤ የመኪናውን ቀለም የሚጠብቀውን ሰም ያነሳል።

ማድረቁን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ «ፀሐይ ያደርቀዋል» ይላል። ፀሐይ የምታደርቀው ውሃውን ነው፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን ትታው ትሄዳለች። እነዚያ መስታወቱና ጥቁር ቀለም ላይ የምታዩዋቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች እነሱ ናቸው። ስለዚህ ጥላ ሥር፣ ውሃው ሳይደርቅ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ንጹሕ ሰፊ ጨርቅ ዘርግቶ መሳብ ይሻላል፤ መፈተግ የለም። አዲስ አበባ መብራት ላይ ሱቅ በደረቴዎቹ የሚሸጡት ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ መሬት ከወደቀ ግን ለቸርኬ ይመደብ። የበሮቹ ጠርዝና የስፖኪዮው ሥር ይጠረግ፤ ውሃ እዚያ ተደብቆ ነው በኋላ የሚንጠባጠበው። ከላቫጆ ስትወጡ ደግሞ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ረገጥ አድርጉት። እርጥብ ፍሬን ወዲያው አይዝም፤ ያን ደግሞ ቁልቁለት ላይ መማር አያስፈልግም።

ወንዝ ውስጥ ገብቶ ማጠብስ? ርካሽ ነው፤ ውሃውም በነፃ ነው። ግን የሚወርደው ዘይት፣ ግሪስና ሳሙና የት ይሄዳል? ወልቂጤ አካባቢ የሚያልፈው ዋቤ ጊቤን ይቀላቀላል፣ ጊቤ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሩቅ ነው ካላችሁ፣ ከእናንተ አንድ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ጀሪካን የሚሞላውን ሰው አስቡት። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተውና ተደራጅተው ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራት ጀምረው ነበር። ለመንገድ ያዋጣ ሕዝብ፣ በዚያው መንገድ ለሚመጣው መኪና ቆሻሻ ማጣሪያ ጉድጓድ ማዋጣት ያቅተዋል? በአሸዋና በጠጠር የተሞላ፣ ዘይቱን ከላይ የሚያስቀር ጉድጓድ ከባድ ምህንድስና አይደለም። ላቫጆዎቹ ብቻቸውን ካልቻሉ ለመስቀል የገባው ባለመኪና የአንድ እጥበት ዋጋ ቢጨምር ይጀመራል።

ግን ከጉድጓዱም በፊት የሚቀየረው አከፋፈላችን ነው። በባልዲ የሚሠራውን ልጅ «ቆጣቢ» እያልን ቱቦ የሚያርከፈክፈውን ካመሰገንን፣ ነገ ባልዲውን ይጥለዋል። ትክክልም ነው፤ ገበያው ያንን ነግሮታል። በተቃራኒው ሦስት ባለመኪኖች «በባልዲ ይሁንልኝ፣ ቸርኬው ሲቀዝቅዝ ጀምር» ቢሉት፣ አራተኛው ሳይጠየቅም እንዲያ ይሠራለታል።

ስለዚህ በቀጣዩ መስቀል ላቫጆ ስትገቡ የውሃውን ብዛት አትዩ። ሲያልቅ ጎንበስ በሉና ጣታችሁን የቸርኬው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አሳርፉት። ጣታችሁ ንጹሕ ከወጣ ለልጁ ጉርሻ ጨምሩለት።