እንጦጦ፦ ምኒልክ ወጥተው የወረዱበት ግቢ

የጎንደርን ግንብ ያየ ሰው እንጦጦ ወጥቶ የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ሲያሳዩት «ይኸው ነው?» ማለቱ አይቀርም። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ግቢ ድንጋይ፣ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፣ ክፍሎቹም ጠበብ ያሉ ናቸው። ከደህና ባላባት ቤት ብዙም አይለይም። እኔ ግን የምወደው ለዚሁ ነው፤ ጦር ሰፈር ላይ የተሠራ ቤት መሆኑን አይደብቅም።

ምኒልክ እዚህ የሰፈሩት ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር ያልፋል፤ ከታች ያለው ሜዳ ሁሉ ወለል ብሎ ስለሚታይ ጠላት ተደብቆ አይመጣም። የእነ ዐፄ ዳዊት ከተማ እዚያ ነበር መባሉም ልባቸውን ሳይስበው አልቀረም።

ኑሮው ግን አልሆነም። የክረምቱ ጭጋግና ብርድ አይጣል ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት የሚሞቀው፣ ግብር የሚበላበትም ወጥ የሚበስለው በእንጨት ነውና ጋራው ተመነጠረ፤ ማገዶ ከሩቅ መሸከም ግድ ሆነ። እቴጌ ጣይቱ ከግርጌው ወዳለው ፍልውሃ መውረድ ያዘወትሩ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እዚያው ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተለ ወረደ።

የሚገርመው እንጦጦ ትልቁን ቀን ያየው ከዚህ በኋላ ነው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት የተባሉት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። አዲሲቱ ከተማ ከተቆረቆረች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነበር፤ ዘውዱ ግን ጋራው ላይ ተጫነ።

የማገዶ ችግሩ ንጉሡን ተከትሎ ሜዳ ወረደ። መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ተደርሶ ነበር፤ ያ ሕንፃ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የተራቆተውን እንጦጦንም የሸፈነው እሱው ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን ፓርክ ለማየት የሚወጣ ሰው ማርያም ጋ ጎራ ቢል ከግቢው ሌላ ሙዚየሙን ያገኛል፤ የነገሥታቱ አልባሳት ያሉት እዚያ ነው።