194,313

መቱ ውስጥ አንዲት እናት 20 የቡና ችግኝ በየከረጢቱ አድርገው፣ በአራት ረድፍ አምስት አምስት ደርድረዋል። አንዱ ደረቀባቸው። የቀሩትን 19 እኩል እኩል ሊያሰልፉ በሁለትም፣ በሦስትም፣ በአራትም ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። በመጨረሻ ከአጥሩ ሥር በአንድ መስመር አቆሟቸው። ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

እኔ የማስተዋውቃችሁ ትልቁን ነው፦ 194,313ን። የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ዙሮቹ ሁሉ አንድ ላይ የሚገናኙበት ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ በቀን ሲመነዘር ይህን ያህል ይሆናል። ብዙ ሰው ባሕረ ሐሳብ ሲባል «የካህናት ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፋል። ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ የተዋበ ቁጥር በየቤተ ክርስቲያኑ ተቀምጦ ሳለ፣ ልጆቻችን የቁጥር ትንተናን ከደረቅ መልመጃ ብቻ ይማራሉ።

ሲተነተን 3 × 7 × 19 × 487 ነው፤ አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። 3 በ487 ሲባዛ 1461 ይሆናል፦ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ አንድ ጊዜ ተፈራርቀው የሚጨርሷቸው ቀናት፣ የዘመነ ሉቃስን ጳጉሜ 6 ጨምሮ። 7 የሳምንቱ ነው። 19 የጨረቃ ነው፤ በ19 ዓመት 235 ጊዜ ትወለዳለች።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ 7 ነው። 1461ን ለ7 ስናካፍል 5 ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 1 ዘንድሮ ሰኞ ቢውል፣ ከአራት ዓመት በኋላ አምስት ቀን ገፍቶ ቅዳሜ ይውላል። 7 ብቸኛ ስለሆነ አቋራጭ የለም፤ ሰባቱንም ዕለት ሳያዳርስ ወደ ሰኞ አይመለስም። አራት ዓመት ሰባት ጊዜ፣ 28፤ ዐውደ ፀሐይ የምንለው ይህ ነው። ሳምንቱ ስድስት ቀን ቢሆን ኖሮስ? 6 ከ1461 ጋር 3ን ይጋራል፤ ዕለቱ በስምንት ዓመት ይመለስ ነበር፤ ዐቢይ ቀመርም 152 ዓመት ብቻ ይሆን ነበር።

አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የጨረቃና የወንጌላውያን ዙር የሚገናኝበትን ዐውደ ማኅተም፣ 76ን፣ በ28 አባዝቶ «ጋሼ፣ ዐቢይ ቀመር 2128 ነው፤ መጽሐፉ ተሳስቷል» ብሎኝ ያውቃል። መጽሐፉ አልተሳሳተም። 76 ማለት 4 × 19 ነው፤ 28 ደግሞ 4 × 7። አራቱን ወንጌላውያን ሁለት ጊዜ ቆጥሯቸዋል። 2128ን ለ4 ሲያካፍለው 532 ወጣለት፤ ደብተሩን አገላብጦ ደግሞ አየው። ሁለት ዙሮች የሚገናኙበትን ለማወቅ ያገኛችሁትን ሁሉ የምታባዙ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ተንትኑ። ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ብቻ ነው እንዲሁ ማባዛት የሚቻለው፤ 28ና 19 እንዲህ ያሉ ናቸው።

ሁለቱም በእጃችሁ ላይ አሉ። አንድ እጅ ዘርጉ፤ አውራ ጣት ሁለት አንጓ አለው፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት፤ 14። በሁለት እጅ 28። በአንዱ እጅ 14 አንጓ ላይ አምስቱን ጥፍሮች ጨምሩ፤ 19። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በ8ኛው መቶ ዓመት የፋሲካን ዙር በዚሁ መንገድ በእጅ መቁጠርን ጽፏል።

ጎሬ ላይ ደጀ ሰላም ተቀምጠን አንድ መሪጌታ የ2017ን ፋሲካ አወጡልኝ። ወረቀት አልያዙም። የዘመነ ብሉይ 5500 ሲደመር 7517፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ በ19ኙ ዙር ያለፉት ዓመታት፣ 11። 11 በ11 121፤ ሠላሳ ሠላሳውን ገድፈው አበቅቴው 1፣ ከ30 የቀረው መጥቅዑ 29። ፋሲካው ሚያዝያ 12።

«ከዚህ በፊት መስከረም 1 በዚሁ ወንበር፣ በዚሁ ዕለት፣ በዘመነ ማቴዎስ የዋለው መቼ ነበር?» አልኳቸው።

«532 ቀንስ» አሉኝ።

1485፤ አፄ እስክንድር በነገሡበት ዘመን። ቀጥሎ የሚመጣው በ2549 ነው።