ማታ የቆመው ችግኝ ጠዋት ለምን ይወድቃል?

ማታ ለምለም ሆኖ የታየ የበርበሬ መደብ ጠዋት ላይ አንድ ጥጉ ክብ ሠርቶ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። የወደቁት ችግኞች ቅጠል ገና አረንጓዴ ነው። ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን ግንዱ ከአፈር ጋር የሚገናኝበት ቦታ በክር ጠብቆ እንደታሰረ ቀጥኗል፤ ሲነካም ውሃ ያዘለና የለሰለሰ ነው። በማግስቱ ክቡ ይሰፋል። ዝም ከተባለ በጥቂት ቀናት ውስጥ መደቡን ሊጨርሰው ይችላል።

ይህ የችግኝ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው፤ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርት እያለ አይመርጥም። የማይታይ ገጽታም አለው። ዘሩ አፈር ውስጥ እንዳለ ወይም ሊወጣ ሲል ይበሰብስና መደቡ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ዘር ሻጩ ነው። ወቀሳው ትክክል መሆኑን ማጣራት ግን ቀላል ነው፤ ከዚያው ዘር ጥቂቱን ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሞቅ ያለ ቦታ ማቆየት ነው። ጨርቁ ውስጥ በደንብ የበቀለ ዘር መደቡ ላይ ከቀረ ጥፋቱ የዘሩ ሳይሆን የአፈሩ ወይም የአዘራሩ ነው።

በሽታውን የሚያመጡት ረቂቅ ነፍሳት ብዙ ናቸው፤ ዋናዎቹ ግን ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመን ስለ ሁለቱም ተጽፏል። ፒቲየም የሚለውን ስም ያወጣው የዕፅዋት ተመራማሪው ናታናኤል ፕሪንግስሃይም ሲሆን፣ ዋናውን የራይዞክቶኒያ ዝርያ ከድንች ላይ አግኝቶ የገለጸው ደግሞ ዩሊየስ ኩን ነው።

ፒቲየም ፈንገስ ይመስላል እንጂ በዝምድና የሚቀርበው ለባሕር ቡናማ አልጌዎች ነው። ከውሃ ጋር ያለው ቁርኝትም የጠበቀ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎቹ በአፈር ውስጥ ባለ ውሃ የሚዋኙ ጥቃቅን ስፖሮች ይለቃሉ። ዘር ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስኳርና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ወደ አፈሩ ያፈስሳል፤ ስፖሮቹም ያንን ተከትለው ይደርሱበታል። ዘሩ በተዘራ በአንድ ቀን ውስጥ ሊያዝ ይችላል። ውሃው ሲደርቅ ደግሞ ፒቲየም ወፍራም ቅርፊት ለብሶ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይጠብቃል። ከዝርያዎቹ ቀዝቃዛ አፈር የሚስማማው አለ፤ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት የሚበረታም አለ። ስለዚህ ደጋም ሆነ ቆላ ከበሽታው ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ራይዞክቶኒያ በበኩሉ አይዋኝም፤ ቡናማ ክሮቹን በአፈርና በአሮጌ ቅሪት ላይ እየዘረጋ ይሄዳል፤ ግንዱ ላይ የሚተወው ቁስልም ደረቅ ያለና ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ ነው።

ለጋ ችግኝ የሚሸነፈው የግንዱ ሕዋሳት ግድግዳ ገና ስላልጠነከረ ነው። እውነተኛ ቅጠሎቹን አውጥቶ ግንዱ መጠንከር ሲጀምር በሽታው በቀላሉ አይጥለውም። ስለዚህ የአደጋው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ናቸው። ጥልቅ አድርጎ መዝራት፣ የከረመ ዘር፣ ቅዝቃዜና ከባድ ጥላ ይህን ጊዜ ያራዝማሉ፤ ያልበሰለ ፍግና የበዛ ዩሪያም ችግኙን ይጎዱታል።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ግን ውሃ ነው። ችግኙ ሲወድቅ ያየ ሰው ጥማት መስሎት ማጠጫውን ይዞ ይሮጣል፤ በዚህም ለበሽታው የሚመቸውን እርጥበት ይጨምርለታል። መደብን ጠዋት ማጠጣት፣ ለሚቀጥለው ውኃም የላይኛው አፈር ጠፈፍ እስኪል መጠበቅ ያስፈልጋል። ማታ የጠጣ መደብ እርጥብ እንደሆነ ያድራል። በሌሎች ማሳዎች አልፎ የመጣ የቦይ ውሃም በሽታውን ከማሳ ማሳ ሊያደርስ ይችላል።

በብተና መዝራትም ትልቅ ጥፋት ነው። ችግኞቹ ተጠጋግተው ሲቆሙ ነፋስ አያልፍባቸውም፤ በሽታውም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አይቸገርም። ለዚህ ነው መደቡ ከመሬት 15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ወርዱ ከ1 ሜትር ሳይበልጥ፣ ዘሩም በ15 ሴንቲሜትር ልዩነት በመስመር እንዲዘራ የሚመከረው። የመደቡ ከፍታ ውሃው እንዳይተኛ ያደርጋል፤ የወርዱ ጥበት ደግሞ መሐሉን ሳይረግጡ ለማረምና የበዛውን ለማሳሳት ይረዳል። መደቡን የሸፈነው የሣር ጉዝጓዝም ቡቃያው ብቅ እንዳለ መነሳት አለበት፤ "ትንሽ ይጥና" ተብሎ የተተወ ሣር ግንዱን አቅጥኖና አርጥቦ ያቆየዋል።

ብዙ ገበሬ መደቡን የሚያዘጋጀው ውሃ አጠገብ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ያው ቦታ ላይ ይመለሳል፤ በአፈሩ ውስጥ የከረመው በሽታም ይጠብቀዋል። ቦታ መቀየር ካልተቻለ አፈሩን በፀሐይ ማከም ይቻላል። ዘዴውን እስራኤላዊው ተመራማሪ ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳትመውታል። የተቆፈረውና የለሰለሰው መደብ በደንብ ይጠጣና በብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ይሸፈናል፤ የላስቲኩ ዳር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ጥቁር ላስቲክ የፀሐዩን ኃይል ራሱ ስለሚይዘው የብርሃን አስተላላፊውን ያህል አፈሩን አያሞቅም። በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ በርበሬ ለሚያፈላ ገበሬ የየካቲት ፀሐይ ለዚህ ይመቻል። ላስቲኩ ከተነሳ በኋላ አፈሩን በጥልቀት ማገላበጥ ግን ሥራውን ያበላሸዋል፤ ሙቀቱ ያልደረሰበት የታችኛው አፈር ከነበሽታው ወደ ላይ ይወጣልና።

መድኃኒቱስ? ሜታላክሲል ያለበት መድኃኒት ፒቲየምን ይጎዳል፤ ራይዞክቶኒያን ግን አይነካም። የበሽታውን ምንነት ሳይለዩ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የወደቀውን ችግኝም የሚያነሳ መድኃኒት የለም። አንዳንድ ዘር በተለያየ ቀለም ተለብጦ የሚሸጠው በመድኃኒት ስለታሸ ነው፤ ስለዚህ በባዶ እጅ መያዝ የለበትም። ከሕያዋን መካከልም አጋዥ አለ፤ ሪቻርድ ዋይንድሊንግ እ.ኤ.አ. በ1932 ትራይኮደርማ የሚባለው ፈንገስ በራይዞክቶኒያ ላይ ተጠምጥሞ እንደሚገድለው አሳይቷል። ዛሬ ከዘር ወይም ከአፈር ጋር የሚደባለቁ የትራይኮደርማ ምርቶች በየአገሩ ይሸጣሉ። ጥቅም የሚሰጠው ግን በሽታው ከመግባቱ በፊት ሲደርስ ነው።

የወደቀ ሁሉ ደግሞ በዚህ በሽታ አልወደቀም። ግንዱ በስለት እንደተቆረጠ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ አጠገቡ ያለውን አፈር በጣት መጫር ይገባል፤ ሌሊት የሚበላው ቆራጭ ትል ቀን ቀን እዚያው ተጠቅልሎ ይውላል። ያደገ የቲማቲም ወይም የበርበሬ ተክል ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ከጠወለገ ደግሞ ግንዱን ቆርጦ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ከተቆረጠው ላይ ወተት መሰል ክር ወደ ታች ከወረደ ነገሩ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው፤ በሽታው ለተጋለጡ ሰብሎች ያ ማሳ ለዓመታት አይመችም።

በመደቡ ላይ በሽታው ከታየ የወደቁትንና ዙሪያቸውን ያሉትን ከነአፈራቸው አንስቶ ማራቅ፣ ውሃ ማቆም፣ ጥላውን ማሳሳትና የቀሩትን ለነፋስ መክፈት የመጀመሪያው ሥራ ነው። በማዛወሪያው ቀንም ግንዱ ሥር ቀጥኖና ጠቁሮ የቆመ የጥቅል ጎመን ችግኝ ቢገኝ መትከል አይገባም፤ ጸድቆ ቢያድግ እንኳ ደህና ጥቅል አይሠራም፤ ነፋስም ሊሰብረው ይችላል።